ሠንጠረዥና ቁጥር በኮምፒዩተር ስለ መጻፍ
(በአሽዶድ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ስለ መሥራትና ቁጥርን አስተካክሎ ስለ መጻፍ ነው። «ይህ የልጆች ጉዳይ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ አገር የደመወዝ ወረቀቱ ሠንጠረዥ ነው፤ የአርኖናው ሂሳብ ሠንጠረዥ ነው፤ የልጆቻችሁ የትምህርት ውጤትም እንዲሁ። ልጅ የቤቱን ገቢና ወጪ ለአባቱ እያነበበ በሚያስረዳበት ቤት የአባትየው ቃል ቀስ በቀስ እየቀለለ ይሄዳል። በመምህርነት ሥልጠናዬም ሆነ በአስተርጓሚነት ሥራዬ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ስለ አቅጣጫ ልንገራችሁ። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ። ቁጥር ግን በሁለቱም ቋንቋ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። 1,250 በዕብራይስጥ ጽሑፍ መካከል ቢገባም ያው 1,250 ነው። የሚገለበጠው ሠንጠረዡ ነው፤ የዕብራይስጥ ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ዓምድ በስተቀኝ ይገኛል። በዎርድ ፕሮግራም ያስገባችሁት ሠንጠረዥ በግራ በኩል ከጀመረባችሁ የሠንጠረዡን ባሕርያት የሚያሳየውን መስኮት ከፍታችሁ አቅጣጫውን «ከቀኝ ወደ ግራ» አድርጉት። ዓምዶቹ ራሳቸው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሰርዞ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም።

ሰዓት ሲጻፍ ተጠንቀቁ። በዕብራይስጥ ገጽ ላይ በሁለት ቁጥሮች መካከል ሰረዝ ከነክፍት ቦታው ሲገባ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ከቀኝ ጀምሮ ይደረድራቸዋል። በዚህ ምክንያት የአንድ ቢሮ ሰዓት «12:00 - 08:00» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቢሮው ከቀትር እስከ ማግሥቱ ጠዋት ይሠራል ማለት አይደለም! ከ08:00 እስከ 12:00፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። የቀጠሮ ሠንጠረዥ ለቤታችሁ ስትሠሩ አንዱን ዓምድ ለአገሩ ሰዓት፣ ሌላውን ለእኛ ሰዓት ብታደርጉት ለአያቶች ይጠቅማል። 14:00 ባለበት ጎን 8 ሰዓት ብላችሁ ጻፉ።

ወደ ቤት ሂሳብ እንለፍ። ሦስት ዓምድ ይበቃል፤ ቀን፣ ምክንያት፣ የገንዘብ መጠን። «ታብ» የሚባለው ቁልፍ ከሣጥን ወደ ሣጥን ያሻግራችኋል፤ በመጨረሻው ሣጥን ላይ ሲነካ ደግሞ አዲስ ረድፍ ይጨምራል። የገንዘቡን ዓምድ ወደ ቀኝ አስጠግታችሁ አጎራው ባይኖርም ሁለት ዜሮ ጻፉ፤ 85.00፣ 1,240.50 እንደሚባለው። ያን ጊዜ አንድ ከአንድ በታች፣ መቶ ከመቶ በታች ይሰለፋል፤ ስሕተትም ቶሎ ለዓይን ይታያል። ሺውን የሚለየው ኮማ ነው፤ ሸቅሉን ከአጎራው የሚለየው ነጥብ ነው። ከሩሲያና ከፈረንሳይ የመጡ የአሽዶድ ጎረቤቶቻችን ግን በአገራቸው ልማድ በነጥብ ፈንታ ኮማ ያደርጋሉ። 12,50 ብለው ቢጽፉላችሁ 12 ሸቅል ከ50 አጎራ ማለታቸው ነው።

ዎርድ ይደምርላችኋል። ከዓምዱ ግርጌ ባለው ሣጥን ቆማችሁ «ፎርሙላ» የሚለውን ብትመርጡ ከበላዩ ያሉትን ቁጥሮች ለመደመር ራሱ ያቀርብላችኋል። ነገር ግን እንደ ሰው አያስተውልም። በዓምዱ ራስ ላይ 2024 ብላችሁ ዓመተ ምሕረት ከጻፋችሁ እርሱንም እንደ ገንዘብ ይደምረዋል። ባዶ ሣጥን ካለ ድምሩ ሊጎድል ስለሚችል 0 ጻፉበት። አንድ ዋጋ ከለወጣችሁ በኋላ ደግሞ ድምሩን መርጣችሁ «ኤፍ 9» የሚለውን ቁልፍ እስክትነኩ ድረስ የድሮው ድምር እንዳለ ይቆያል። ቄሶቻችን የሚጽፉት ፩፣ ፪፣ ፫ ለዓይን ያማረ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ስለማይደምረው ለርእስና ለተራ ቁጥር አቆዩት።

አሁን ዋናው ነገር። የተዑዳት ዘሁት ቁጥር 9 አሃዝ ነው፤ ኮማ አይገባበትም። የአንዳንዶቻችሁ በ0 ይጀምራል፤ የአሽዶድ የቤት ስልክም በ08 ይጀምራል። ዎርድ 0ውን አይነካም። ኤክሴል የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ግን ከፊት ያለውን 0 ትርጉም እንደሌለው ቆጥሮ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የዓምዱን ዓይነት «ጽሑፍ» አድርጉት። አንድ አሃዝ የጎደለው ማመልከቻ ተመላሽ ይሆናል፤ ወይም ማንም ሳያየው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ይብሳል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። እዚህ ቀን ይቀድማል፤ ወር ይከተላል። በአሜሪካ ልማድ የተዘጋጀ ኮምፒዩተር ግን 3/5ን መጋቢት 5 አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1970 የተወለደ ሰው በዚህ 11.9.1977 ነው። ከእኛ መካከል ስንመጣ ዕድሜያችን በግምት የተመዘገበ ብዙዎች ነን፤ የልጅ ክፍልም፣ የጡረታ ጊዜም በተመዘገበው ቀን ይቆጠራል። ቢሆንም ሠንጠረዥ ስትሞሉ በገዛ እጃችሁ አታርሙት። በየወረቀቱ የተለያየ ቀን ያለው ሰው ከተሳሳተ ቀን ይልቅ ይቸገራል። በተዑዳት ዘሁቱ ላይ ያለውን ጻፉ፤ ዕርማቱን ማስረጃ ይዛችሁ ለብቻው ጠይቁ።

ከማተማችሁ በፊት አንዳችሁ ከተዑዳት ዘሁቱ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሌላችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አስተያዩ። አንባቢው አባት ወይም እናት፣ ጣት የሚያስከትለው ልጅ ቢሆን እመርጣለሁ።