በርበሬና ቁንዶ በርበሬ፦ በስም ብቻ የተዛመዱ
በርበሬና ቁንዶ በርበሬ በስም ይግጠሙ እንጂ በዘር አይገናኙም። ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ የመጣ የሐረግ ፍሬ ነው። የቀዩ በርበሬ ትውልድ ግን አሜሪካ ነው፤ ዘመዶቹም ቲማቲምና ድንች ናቸው።

ስም መደባለቁ የእኛ ብቻ አይደለም። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ሲሻገር ልቡ የእስያ ቅመም ላይ ነበር። ያገኘው ሌላ ሆነ። ቢሆንም ያቃጥላልና፣ ስፔኖች ቁንዶ በርበሬውን «ፒሚየንታ»፣ አዲሱን ዛላ «ፒሚየንቶ» አሉት። እንግሊዝኛማ ለሁለቱም «ፔፐር» ብሎ አረፈው። የዚህ ቃል ሐረግ ወደ ኋላ ሲመዘዝ በላቲን «ፒፐር»፣ በግሪክ «ፔፔሪ» እያለ ሳንስክሪት ላይ «ፒፓሊ» ይሆናል። ፒፓሊ ደግሞ የእኛ ጥምዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅመም ቤት ጎራ ስትሉ አስታውሱት።

እኛ ዘንድ «በርበሬ» ሲባል ዛላው ነው ወይስ ዱቄቱ? ሁለቱም! እርጥቡ ቃሪያ ቀልቶ ሲደርቅ በርበሬ ይባላል። በኮረሪማ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ተደልዞ፣ ደርቆ ሲፈጭም ስሙ ያው ነው። ውጭ አገር በየመደብሩ የሚሸጠው «በርበሬ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የተቀመመው ዱቄት ነው።