ኮካቲል የተባለችው ወፍ ሕመምዋን ስለ መደበቅዋ



ኮካቲል የተባለችውን የአውስትራልያ ባለ ቁንጮ ትንሽ በቀቀን በቤታችሁ ያኖራችሁ እንደ ሆነ፣ ስሜትዋን ከቁንጮዋ ለመረዳት ይቻላችኋል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ደንግጣለች፣ ወይም ነገሩ ደንቋታል፤ በራስዋ ላይ ለጥፋው «እስስ» ስትል ግን ተቈጥታለችና እጃችሁን ሰብስቡ።

ሕመምዋን ግን ትደብቃለች። በዱር አዳኝ አሞራ ደካማዋን ቀድሞ ስለሚነጥቃት፣ ይህ ጠባይ አብሯት የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ላባዋን ነፍታ ቀኑን ስታንቀላፋ፣ ወይም በተነፈሰች ቍጥር ጅራትዋ ከፍ ዝቅ ሲል ብታዩ፣ «ነገ ይሻላታል» ብላችሁ ወደ መሥሪያ ቤት አትሂዱ፤ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት። ወፍን በየጠዋቱ መመዘን ያስቅ ይሆናል፤ ነገር ግን መላ ክብደትዋ 90 ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ 9 ግራም ስትቀንስ ከሰውነትዋ ዐሥረኛው እጅ ጠፋ ማለት ነው፤ ይህንንም ላባዋ ስለሚሸፍነው፣ ቀድሞ የሚያስታውቃችሁ ሚዛኑ ነው።