የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ዘመናት ለፈተና ስለ ማጥናት

በዛሬው ንግግሬ አሳቤን የማቀርበው በተለይ የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ተምራችሁ ለፈተና ለምትሰናዱ ወጣቶች ነው።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የዘመናቱን ስም ከነዓመታቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ እንደ ዳዊት በቃሌ እደግመው ነበር። ኤልሳቤጣዊ፥ ሬስቶሬሽን፥ ኒዮክላሲክ፥ ሮማንቲክ፥ ቪክቶሪያዊ እያልሁ ሳነበንብ ለሰማኝ ሁሉ ዐዋቂ እመስል ነበር። በፈተናው ቀን ግን ዓመት የጠየቀኝ የለም። የደራሲያቸው ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ምንባቦች ቀርበው፥ እያንዳንዳቸው የየትኛው ዘመን እንደ ሆኑ ከነምክንያቱ አስረዳ የሚል ትእዛዝ ነበር። ወረቀቱ በልቤ ተጽፎ ሳለ፥ እጄ አንዲት ቃል ለመጻፍ ሳይችል ሰዓቱ አለቀ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የዘመን ስም ብዙውን ጊዜ ደራሲዎቹ ለራሳቸው ያወጡት አይደለም። ዎርድስዎርዝና ኮልሪጅ የግጥም መጽሐፋቸውን በ1798 ሲያሳትሙ (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እናገራለሁ) ራሳቸውን ሮማንቲክ ብለው አልጠሩም፤ ስሙን የሰጧቸው በኋላ የመጡት ናቸው። ስለዚህ ስሙን ያጠና ተማሪ የመደርደሪያውን ጽሕፈት አነበበ እንጂ መጽሐፉን ገና አልገለጠም።

ታዲያ እንዴት ይጠና? አንድ ነገር ይዞ ልዩ ልዩ ዘመናት እንዴት እንደ ተመለከቱት ማነጻጸር ነው። ለእኛ ደግሞ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለን። የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው የግሼን አምባ ወሬ በመንገደኞች መጻሕፍት ወደ አውሮፓ ደርሶ፥ የአምሐራ ተራራ በሚል ስም ታውቆ ነበር።

ሚልተን ስለ ገነት መጥፋት በጻፈውና በ1667 በታተመው ታላቅ ግጥሙ ይህን ተራራ ያነሣዋል፤ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ነው የሚሉት ይህ ስፍራ እንኳ ከኤደን ጋር እንደማይተካከል ለማሳየት ነው። ለእርሱ ተራራው የመጽሐፍ ቅዱስን ነገር ከፍ ማድረጊያ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የሎቦን የሐበሻ ጕዞ ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ በ1735 አሳትሟል፤ አገራችንን ግን በዓይኑ አላያትም። በ1759 ራስላስን ሲጽፍ መስፍኑን በአምሐራ ተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ አኖረው። ልዑሉ የጐደለው ነገር ሳይኖር ይሰለቻል፤ ወጥቶም ደስታ የሚገኝበትን ኑሮ በካይሮና በሌላም ስፍራ ይመረምራል። እዚህ የምናገኘው አገር ሳይሆን ክርክር ነው። ሰው ሁሉ በየትም ቢሆን አንድ ነው፥ አእምሮም ይመዝነው የሚለው የኒዮክላሲክ መንፈስ ይህ ነው።

ኮልሪጅ ደግሞ በ1816 ባሳተመው ኩብላ ካን ውስጥ ባለ አውታር መሣሪያ ይዛ ስለ ተራራ የምትዘምር ሐበሻዊት ልጃገረድ በራእይ ያያል። በእጅ ጽሑፉ የተራራው ስም በመጀመሪያ አማራ ተብሎ ነበር። እርሱ አይከራከርም፤ ዜማዋ በውስጡ ቢመለስለት ምን ሊሠራ እንደሚችል ይመኛል። ሮማንቲክ ማለት ይኸው ነው፤ የመረመረ አእምሮ ሳይሆን ያየ ልብ ይናገራል።

ሦስቱን ያነበበ ተማሪ ስም የሌለው ምንባብ ቢቀርብለት እንደ እኔ አይደነግጥም። በዓመት ብቻ ግን አትታመኑ። የእንግሊዝ ንጉሥ ወደ ዙፋኑ የተመለሰው በ1660 ስለ ሆነ፥ ሠንጠረዡ ሚልተንን ከሬስቶሬሽን ቀልደኞች ተራ ያገባዋል፤ መንፈሱ ግን ከእነርሱ ጋር አይደለም። ሼክስፒርም ኤልሳቤጣዊ ይባላል እንጂ ማክቤዝን የጻፈው ንግሥቲቱ በ1603 ካረፈች በኋላ ነው። ፈታኞች እንዲህ ያለውን ስፍራ ይወዱታል።

የጆንሰን እንግሊዝኛ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነውና። ራስላስን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለ መለሱት፥ መጀመሪያ በእርሳቸው ትርጕም ታሪኩን ጨርሳችሁ፥ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛውን የመጀመሪያ ምዕራፍ ግለጡ።