ከቦሌ ወይስ ከለቡ? ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ ሒሳብ



በአያት፣ በሲ.ኤም.ሲ. ወይም በገርጂ የሚኖር ሰው ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ሲነሣ ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል፤ ከቦሌ በአይሮፕላን፣ ከለቡ በምድር ባቡር፣ አለዚያም በአውቶቡስ። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቲኬቱን ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የጉዞውን ሙሉ ዋጋ አይነግረውም፤ ቲኬቱ የሚሸፍነው ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ያለውን ብቻ ሲሆን መንገደኛው ግን የሚነሣው ከቤቱ ደጅ ነውና።

ይኸው ጥያቄ በአውሮፓ ሲነሣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዩሬይል የተባለው የባቡር ፓስ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ መንገደኞች ቀረበ፤ በ1972 ደግሞ ኢንተርሬይል ለአውሮፓ ወጣቶች ተከተለ። በ1990ዎቹ የአየር ገበያው ለውድድር ክፍት ሲሆን ርካሽ በረራ የሚሸጡ ኩባንያዎች ተስፋፉ። ከእነዚህ ኩባንያዎች ብልሃት አንዱ ከከተማ የራቁ ማረፊያዎችን መጠቀም ነው። በፓሪስ ስም የሚሸጠው የቦቬ ማረፊያ ከፓሪስ 85 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል፤ በፍራንክፈርት ስም ሲጠራ የኖረው የሃን ማረፊያ ደግሞ 120 ኪ.ሜ. ግድም። ባቡሩ በአንጻሩ መንገደኛውን ከአንዱ ከተማ መካከል አንሥቶ በሌላው ከተማ መካከል ያወርደዋል። ስለዚህ በዚያ አገር የባቡሩ ዋና ብልጫ ከፍጥነቱ ይልቅ የጣቢያው ቦታ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአዲስ አበባ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። የቀድሞው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በኋላም በ1929 የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ሲመረቅ፣ ባቡሩ የሚቆመው በከተማው እምብርት ነበር። በ2016 የተመረቀውና በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን መንገደኛውን የሚጭነው በከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር ከለቡ ነው። ሐዲዱ ከሁሉ አስቀድሞ ለጅቡቲ ወደብ ጭነት የተዘረጋ በመሆኑ ዳር መያዙ ለጭነቱ አያስወቅስም። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ በበኩሉ ከመስቀል አደባባይ 6 ኪ.ሜ. ያህል ብቻ ይርቃል፤ ለምሥራቁ ክፍል ነዋሪማ የጎረቤት ያህል ነው።

በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በለገሃር በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር ግን ለቡንም ቦሌንም አይነካም። ስለዚህ የአያት ነዋሪ ባቡሩን ቢመርጥ ሻንጣውን ይዞ ከመስመሩ ወርዶ እንደገና ታክሲ መፈለግ፣ ከተማውንም ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይኖርበታል። ማለዳ ለሚነሣ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ሒሳቡ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። በሁለቱም ጫፍ የሚከፈለው የታክሲ ገንዘብ በቲኬቱ ላይ ይደመራል፤ ከዚያም የአይሮፕላኑ ወጪ ከባቡሩ የሚበልጥበት ብር በሚተርፈው ሰዓት ይካፈላል። ለምሳሌ ልዩነቱ 3,000 ብር፣ የሚተርፈውም 6 ሰዓት ቢሆን፣ አንዱ ሰዓት በ500 ብር ተገዛ ማለት ነው። ሰዓቱ ከዚያ የሚበልጥ ገቢ የሚያስገኝለት ነጋዴ ይብረር፤ በእረፍቱ ወደ ወላጆቹ የሚሄድ ተማሪ ግን ባቡሩን ቢመርጥ የሚያተርፍ ነው። በዚህ ሒሳብ ዘወትር የሚዘነጋው የመጠበቂያው ጊዜ ነው። ባቡር በሁለት ቀን አንድ ጊዜ የሚነሣ ቢሆን፣ ጉዳዩ በማናቸውም ሰዓት የሚገጥመው ሰው በአማካይ 24 ሰዓት ይጠብቃል፤ ይህም ከራሱ ከጉዞው ይረዝማል።

የአውሮፓው ፓስ በዚህ መስመር ለምን እንደማይሠራም ከዚሁ ይታያል። ፓስ የሚገዛ ሰው ከመቀመጫው ይልቅ የሚገዛው ምርጫን ነው፤ አንዱ ባቡር ቢያመልጠው ቀጣዩን ይይዛል፣ ደስ ባለውም ከተማ ይወርዳል። ባቡር በየሰዓቱ በማይነሣበት ነጠላ መስመር ላይ የሚሸጥ ፓስ ግን ከነጠላ ቲኬት ክምር የሚለይበት ነገር እምብዛም ነው።

አውቶቡሱ ከሁለቱ ጋር መወዳደሩ በከፊል ብቻ ነው። በአሰበ ተፈሪ በኩል የሚያልፈው መንገድ ሂርናንና ቁልቢን እያዳረሰ በደጋው ይሄዳል፤ ሐዲዱ ደግሞ መተሐራን፣ አዋሽንና ሚኤሶን ይዞ በቆላው ይወርዳል። ለታኅሣሥ ወይም ለሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ምእመን በአይሮፕላንም ሆነ በባቡር ቢሄድ፣ ድሬዳዋ ደርሶ ሽቅብ ወደ ኋላ መመለስ ግዴታው ነው። ለሚኤሶ ሰው ደግሞ የቦሌው በረራ ከራሱ በላይ ከሚያልፍ ድምፅ በስተቀር የሚሰጠው ነገር የለም፤ የባቡሩ ጉዳይ ለድሬዳዋ መንገደኛ ብቻ ተብሎ የማይታለፈውም ስለዚህ ነው።

መሐንዲሱን የሚመለከተው ክፍል እዚህ ላይ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የታቀደው አዲስ አይሮፕላን ማረፊያ ከአዲስ አበባ 40 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል። በረራው ወደዚያ በተዛወረ መጠን ዛሬ ለአያትና ለገርጂ ነዋሪ ቦሌ የሚሰጠው ብልጫ ይቀንሳል። የጅቡቲው ሐዲድም በቢሾፍቱ በኩል ስለሚያልፍ ባቡሩና አይሮፕላኑ ከተቀናቃኝነት ወደ ቅብብሎሽ የሚሸጋገሩበት ዕድል አለ፤ ይህ የሚሆነው ግን ጣቢያው ከመንገደኛው አዳራሽ ጋር አብሮ ከተነደፈ ነው። ለለቡ ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም። ከመገናኛ ተነሥቶ ከባቡሩ መነሻና መድረሻ ሰዓት ጋር የሚገጥም አውቶቡስ ቢመደብ፣ ዋጋውም በባቡሩ ቲኬት ውስጥ ቢጠቃለል፣ አዲስ ሐዲድ ሳይዘረጋ የምሥራቁ ነዋሪ ሒሳብ ይለወጣል።