ከአልጋ 1 ቀጥሎ አልጋ 10
(በምሩቃን መገናኛ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ቁጥር አደራደር ላወራ ነው። አትሳቁ፤ ታሪኩ በሽተኛ አለበት።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ የምሠራበት ዋርድ 24 አልጋ ነበረው። የበሽተኞች ዝርዝር በእጅ መጻፉ ቀርቶ በኮምፒውተር መታተም በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ላይ አንስቼ ራውንድ ወጣሁ። በአልጋ 1 ይጀምራል፣ በአልጋ 24 ያልቃል። ሙሉ ነው ብዬ አመንኩ። ከአልጋ 1 ቀጥሎ አልጋ 10 ሲል ግር ቢለኝም፣ «ማሽኑ ያውቃል» ብዬ እንደ ተጻፈው ሄድኩ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ሲስተር «ዶክተር፣ 7 ቁጥር ያሉት እማማ ዛሬ አልታዩም እንዴ?» አለችኝ። እማማ ስኳራቸው ከፍ ብሎ፣ የኢንሱሊን መጠናቸው እስኪስተካከል እየጠበቁ ነበር። ለካ ከ3 እስከ 9 ያሉት ሰባት በሽተኞች በሁለተኛው ገጽ ላይ ኖረዋል፤ ገጹም እዚያው ፕሪንተሩ ላይ ቀርቷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሆኑ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ምን ታደርጊ ልጄ፣ ሰው በዝቶብሽ ነው» አሉኝ። ያ ቃላቸው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ነገሩን ያስረዳኝ ፕሮግራም የሚጽፈው ወንድሜ ነው። ኮምፒውተሩ «አልጋ 10»ን የሚያየው እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አይደለም። ልክ እንደ መዝገበ ቃላት ከግራ ጀምሮ ፊደል በፊደል ያነጻጽራል። 1 ከ2 ስለሚቀድም 10 ከ2 ይቀድማል፤ ዜሮዋን ዞር ብሎም አያያት።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ጽሑፉን አሃዝ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ቦታ መቁረጥ፣ የአሃዙን ክፍል ወደ ቁጥር መለወጥ፣ ከዚያ ፊደልን ከፊደል፣ ቁጥርን ከቁጥር ማወዳደር ነው። በፓይተን ጥቂት መስመር ይበቃዋል። ያ ካልተቻለ 01፣ 02 እያሉ መጻፍ ይረዳል፤ መቶኛው አልጋ ሲመጣ ግን ሌላ ዜሮ ይፈልጋል።

እንደ ማንኛውም መድኃኒት ይህም የጎን ጉዳት አለው። በዚህ ዘዴ 0.5 ከ0.25 ይቀድማል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን 5 እና 25 ብሎ ያነባላ! ስለዚህ የመድኃኒት መጠን መቼም ቢሆን እንደ ጽሑፍ አይቀመጥ።

አንድ የገረመኝን ልጨምር። የግዕዝ ቁጥር በዩኒኮድ ተራው ቢደረደር እስከ 199 ድረስ ምንም አይዛባም። ፲ የራሱ ምልክት ስላለው ከ፱ በኋላ ይመጣል፤ ፲፩ም ፪ን አይቀድምም። 200 ላይ ግን «፪፻» ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ዘሎ ፪ እና ፫ መካከል ይገባል። አባቶቻችንም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ ሙሉ በሙሉ አላዳኑንም ማለት ነው።

መምህራኖቻችን፣ ለተማሪዎቻችሁ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ አዲስ ሲስተም ሲመጣላችሁ 1፣ 2 እና 10 አስገብታችሁ ፈትኑት። የታተመ ዝርዝር ላይ «ገጽ 1 ከ2» ተብሎ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወረቀቱን ትታችሁ አልጋዎቹን ቁጠሩ።