የወንዝ ጽዳቱ ምን አስገኘ? ምንስ ቀረው?
(ለሠፈሩ ነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የየቡ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፤

አካፋና ማዳበሪያ ይዛችሁ ለጽዳቱ የወጣችሁትን ሁሉ ማኅበሩ ያመሰግናል። ከወንዙ የወጣውን አይታችኋል፤ ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የጫት ገረባው። የተደፈነው ተከፍቶ ውሃው መንገዱን አግኝቷል። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ሆኖም በእጅ የማይለቀም ቆሻሻም አለ፤ ዛሬ የምናገረው ስለ እሱ ነው።

እሸት ቡና ሲፈለፈል ልጣጩና የሚያሟልጨው ሽፋኑ ስኳር የበዛበት ነው። እጣቢው እንዳለ ወንዝ ሲገባ ስኳሩ ይብላላል፤ የሚያብላሉት ጥቃቅን ነፍሳት በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ይታፈናል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። የባሰው ደግሞ ጊዜው ነው፤ መፈልፈያው የሚደራው ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ በሚጎድልበት ወራት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዞናችን ከመፈልፈያ ጣቢያዎች በታች ያለውን ውሃ ለክተው ይህንኑ ጽፈዋል። ከታች የምትቀዳዋ እናት ግን ሳትለካም ታውቀዋለች።

ታዲያ ቡናውን እንተው ወይ? እንዴት ተደርጎ! ልጆቻችን የሚማሩት በእሱ አይደል? የምንጠይቀው እጣቢው ወንዝ ሳይሆን የተቆፈረለት ጉድጓድ እንዲገባ፣ ልጣጩም ተከምሮ ከበሰበሰ በኋላ ኮምፖስት ሆኖ ወደ ቡናው እግር እንዲመለስ ነው። ቬቲቨር የሚባለው ሣርም አለ፤ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ከጉድጓዱ በታች ቢተከል የሚያመልጠውን ፍሳሽ ይይዛል። ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ ጅማ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ከ50 ዓመት በላይ ያውቀዋል።

ለቀማ ብቻውን ወንዝ እንደማያድን ሌላውም አገር አይቶታል። የሎንዶኑ ቴምስ በ1957 እ.ኤ.አ. ሕይወት የሌለው ወንዝ ተብሎ ነበር። ዓሣ የተመለሰበት የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ከተሻሻለ በኋላ ነው። የቅርቡን ካላችሁም፣ የጅማው አዌቱ ከከተማው የተጣለበትን ተሸክሞ ቦዬ ረግረግ ያደርሳል፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ።

አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንነጋገር። መፈልፈያ ሁሉ የነጋዴ አይደለም፤ የገበሬ ማኅበራትም አላቸው። የማኅበር አባል የሆናችሁ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ድምፅ አላችሁ። የትርፍ ክፍፍሉ ሲነሳ የጉድጓዱም ወጪ ይነሳ። የግሎቹን ባለቤቶች ደግሞ ሽማግሌዎች ይዘን እናነጋግራለን፤ እሸት መለቀም ሳይጀምር መሆን አለበት፣ ከተጀመረ ማን ይሰማናል?

ለቀማውም አይቆምም። እሁድ ጠዋት በ1 ሰዓት ድልድዩ ጋ እንገናኝ። ጓንት ያለው ይያዝ፤ ጠርሙስ ስባሪ ስላለ ሕፃናት ባይመጡ ይሻላል።