የክትትል ዋጋ በራሱ መስመር ይጻፍ

በየካ ክፍለ ከተማ በተዘጋጀ የጥገና ግምት ሥልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

 

የምንነጋገርበት ጉዳይ በአንድ የጥገና ግምት ውስጥ ሁለት ሦስት መስመር የሚይዝ ነው፤ የክትትል ወጪና ኦቨርሄድ (የተቋራጩ ጠቅላላ የቢሮ ወጪ)። ብዙ ክርክር የሚነሣው ግን እዚሁ መስመር ላይ ነው። ተቋራጩ «ያለ ፎርማንና ያለ ቢሮ ሥራ አይሠራም» ይላል። የኢንሹራንስ ኩባንያው የካሳ ክፍል «እኛ የምንከፍለው ለዕቃና ለእጅ ዋጋ ነው» ብሎ ይሰርዘዋል። የንብረቱ ባለቤት ደግሞ ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኖ ሁለቱ እስኪስማሙ ይጠብቃል።

እኔ የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ክትትል ሥራ ነው፤ ሊከፈልበት ይገባል። የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በራሱ መስመር ተጽፎና ማስረጃ ተያይዞበት ሊሆን ይገባል።

ያለንበት አካባቢ ይህን ከማንም በተሻለ ያሳያል። ከእንጦጦ ሥር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከጉራራ አንሥቶ እስከ ኮተቤና ካራ ድረስ ብዙው ቤት የቆመው ተዳፋት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ ፈተናው የሚበረታው በድጋፍ ግንቡ ላይ ነው። ግንቡ ሲናድ ከላይ ያለው ቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ የታችኛው ጎረቤት ግቢ በአፈርና በድንጋይ ይሞላል። ገልባጭ መኪና የማይገባበት ቀጭን መንገድ ከሆነ ድንጋዩም አሸዋውም ከዋናው መንገድ በሰው ሸክም ይገባል። መሠረቱ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይቆፈርም፤ የላይኛው ቤት እንዳይንሸራተት ጥቂት ሜትር ተቆፍሮ፣ እሱ ተገንብቶ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ዝናብ ከመጣ ማን ከጉድጓዱ እንደሚወጣ፣ ቁፋሮው የት ላይ እንደሚቆም የሚወስን ሰው ቦታው ላይ መኖር አለበት። ያ ሰው ከሌለ አደጋው በቀን ሠራተኛው ላይ ነው። ለሜዳ ቤት ቀለም ቅብ የሚበቃ ክትትል ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የሁለቱንም ዋጋ በተመሳሳይ መቶኛ መተመን ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በአገራችን የግንባታ ዋጋ ትንተና ሠንጠረዥ ላይ የዕቃ፣ የሰው ኃይልና የመሣሪያ ዓምዶች አሉ፤ ከእነሱ በታች ኦቨርሄድና ትርፍ በመቶኛ ይታከላሉ። በሰው ኃይሉ ዓምድ ከግንበኛውና ከቀን ሠራተኛው ጋር ፎርማኑ ተዘርዝሯል፤ አጠገቡ 0.25 ወይም 0.5 የሚል ቁጥር አለ። ፎርማኑ ከጊዜው ሩቡን ወይም ግማሹን ለዚህ ሥራ ያውላል ማለት ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል የ20 ቀን የግንብ ሥራ ውሰዱ። የፎርማኑን የቀን ሒሳብ 1,200 ብር እንበል። ድርሻው 0.5 ከሆነ በሰው ኃይሉ ዓምድ 12,000 ብር ተይዞለታል። ከዚያ ወረድ ብሎ «የሥራ ክትትል፣ 20 ቀን» ተብሎ 24,000 ብር ይጻፋል። ሲደመር 36,000 ነው። ይህ የ30 ቀን ሒሳብ ነው፤ ሥራው ግን የሚፈጀው 20 ቀን ነው። የተደረበው 12,000 ብር 10 በመቶ ኦቨርሄድና 10 በመቶ ትርፍ ሲታከልበት 14,400 ይሆናል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 16,560 ይደርሳል።

መፍትሔው የ24,000ውን መስመር በጅምላ መሰረዝ አይደለም። ሥራው ሙሉ ቀን የሚቆም ፎርማን የሚፈልግ ከሆነ ያ መስመር ይቆይ፤ የሰው ኃይሉ ዓምድ ላይ ያለው 0.5 ይውጣ። የቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት መኪና ግን የኦቨርሄዱ መቶኛ ይሸከማቸው። ቦታው ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚቆም ሰው፣ ዘበኛ ወይም ጊዜያዊ መጋዘን የሥራው ወጪ ነው።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ለኦቨርሄድ 10፣ ለትርፍ 10 በመቶ መያዝ የቆየ ልማድ ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ የሙያ ዓይነት የሚያስተባብር ሥራ ሲሆን ይከፈል የሚል ያልተጻፈ መለኪያም አላቸው። ያም ሆኖ የጠቅላላ ቢሮ ወጪንና የአንድን ሥራ ክትትል ለይቶ በመጻፍ ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። መቶኛቸውን እንዳለ መገልበጥ አይጠቅመንም። የሙያዎቹን ብዛትና የሥራውን ውስብስብነት መመልከታቸው ግን ልንወስደው የሚገባ ነው።

በሕጋችን መነሻው ግልጽ ነው። የ1952ቱ ንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሲወጣም የኢንሹራንሱ ክፍል በሥራ ላይ ቀጥሏል። ተቋራጮች ይህን አስታውሱ፤ ካሳ ማትረፊያ አይደለም። የካሳ ክፍል ባለሙያዎችም አስታውሱ፤ ግንቡን መልሶ ለማቆም የግድ የሚወጣ ገንዘብ ከተቀነሰ መድን ገቢው ካሳውን አላገኘም።

አንድ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ክትትል እንደ ልማድ ሲሰረዝ ተቋራጩ ገንዘቡን አሸዋና ሲሚንቶ ውስጥ ይደብቀዋል። አምስት ሜትር ኩብ የሚበቃው ሰባት ይሆናል። በዚህ መንገድ እውነቱን ዘርዝሮ የጻፈው ይቀነስበታል፤ የደበቀው ይከፈለዋል። ይህን ልማድ ያመጣነው ሁላችንም ነን፤ ማስወገድ ያለብንም እኛው ነን። 

ለንብረት ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና የዕቃ ዋጋ ከጨመረ ወዲህ፣ በቀድሞ ዋጋ የተገባ የመድን መጠን ቤቱን መልሶ ላይሠራ ይችላል። የመድን መጠኑ ከእውነተኛው ዋጋ ካነሰ ካሳው በዚያው ልክ ሊቀነስ ይችላል። ፖሊሲያችሁን ስታድሱ የዕቃውን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። የመሐንዲስ ክፍያና ፍርስራሽ ማንሻ በፖሊሲው መካተታቸውን ጠይቁ፤ ከሌሉ እንዲጻፉ አድርጉ።

በዚህ ሥልጠና የዋጋ ትንተና ሠንጠረዦችን መስመር በመስመር እናያለን። ወደ ቢሮ ስትመለሱ የምለምናችሁ ይህን ነው። ተቋራጮች፣ የክትትሉን ቀን፣ የሰውየውን ሙያና የሥራ ድርሻ ጻፉ፤ የቀን መዝገቡንም አያይዙ። ገማቾች፣ ቦታው ድረስ ወጥታችሁ ተዳፋቱንና የመኪና መግቢያውን ሳታዩ ክትትልን አትቀንሱ። የካሳ ክፍል ባለሙያዎች፣ አንድ መስመር ስትሰርዙ ምክንያቱን በጽሑፍ ለመድን ገቢው ስጡ።

በእነዚህ ቃላት ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ።